የአባቴ አንጀት

ግጥም መሞካከር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በአማርኛ አንጀት የማይሆነው ነገር የለም። ሰው ሲያዝን አንጀቱ ይላወሳል፤ ሲራራ አንጀቱ ይባባል፤ ደስ ሲለው አንጀቱ ይርሳል። ዘፋኙም አልቃሹም የሚጠራው እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አይናገርም። እኔም ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

የምንኖረው ነፋስ ስልክ ነበር፤ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አባቴና እኔ፣ አንዲት ሴት ልጁ፣ ብቻ ነበርን። እሱ እዚያው አካባቢ ባለ ዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እሱ በሚሠራበት ፋብሪካ ጆንያ ሰፊ ሆኜ ገብቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ መርፌና ሲባጎ ይዤ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። ሥራው እጅ ይይዛል እንጂ ጭንቅላት አይይዝም፤ ስለዚህ ሰው አያለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ጫማውን እንዳስጠገነ፣ ማን ምሳ ሳያመጣ ምሳ እንደበላ መስሎ እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የማየው ግን አባቴን ነበር።

የፋብሪካው ስንዴ ሁለት ሆኖ ይወጣል። በአንደኛው በኩል ነጩ ፉርኖ ዱቄት ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ገለባው፣ ፉርሽካ የምንለው። ፉርኖው ለዳቦ ቤት፣ ፉርሽካው ከብት ላላቸው ይሄዳል። አባቴ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ማዕረግ ነበር የሚያየው። ሰሜን ውስጥ ከአንድ ደጋ መንደር በእግሩ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው፤ እዚያ ሲያድግ የበላው ገብስና ጥቁር እንጀራ ነበር።

"ጥቁሩን በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ" ይል ነበር። "አሁን ደግሞ ነጩን ልጨርሰው።"

እየጨረሰው ነበር። ጤፍ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ፣ ያውም ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ሳይታወቅ በሚገኝበት ጊዜ፣ የኛ ቤት ነጭ ዳቦ አይታጣበትም ነበር። ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሸጠውን ፉርኖ ዱቄት አባቴ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ነጭ ዳቦ፣ ማታ መኮሮኒ። ጎመን ከጾም ውጭ በቤታችን አይሠራም፤ ጎመን የሚበላው እግዜር ሲያዝ ነው። ውኃም አይጠጣም። "ውኃ የሚጠጣ ወይ ከብት ነው ወይ መንገደኛ" የሚላት አባባል ነበረችው። ሁዳዴ ሲገባ፣ ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም ሲመጣ፣ ፊቱ ፈታ ይላል፤ ጠባዩም ይለሰልሳል። እሱ የጾሙ በረከት ነው ይል ነበር። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

በግቢያችን ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ሴቱም ልጁም በየጣሳው ውኃ ይዞ ይሰለፋል። አባቴ ተሰልፎ አያውቅም። ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ብቅ ይላል፤ ከሰልፈኛው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። ፋብሪካም ውስጥ አይሞክረውም፤ የዚያኛው በር ከተነቀለ ከርሟል፤ የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ በር በሌለው ቤት አይቀመጥም። ስለዚህ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ግቢው ለራት እስኪቀርብ ይጠብቃል። ያን ጊዜ "እስቲ ወገቤን ልሞክር" ብሎ ይወጣል። ይህ በቤታችን ለጉዳዩ የተፈቀደው ብቸኛ አነጋገር ነበር። ሰውነቱ ጠዋት የጠየቀውን ማታ ሊሰጠው ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ሰውነቱ መጠየቁን ትቶታል። ብዙ ጊዜ እንደወጣ ይመለሳል።

መድኃኒቱን ያውቅ ነበር። ኮሶ።

በኛ ሰው ዘንድ ኮሶ በየሁለት ወሩ መጠጣት ወግ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሆዱ ውስጥ ትል አይጠፋም ተብሎ ስለሚታመን። የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ አፍንጫ ተይዞ ይጠጣል። የዚያን ቀን ጠጪው ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ አይቀበልም። ማንም በር ቢያንኳኳ "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ የመጣበትን ሳይናገር ይመለሳል። አባቴ ሥጋ እንደ ልብ የማይገኝበት ዘመን ከመጣ በኋላም ይህን ወግ አልተወም። እንዲያውም ጨመረበት። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ሳይሆንለት ሲቀር "ትሉ ነው የዘጋኝ" ይላል። ኮሶው በአንድ ቀን ሆዱን አራግፎ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ትሉ ነው ማለቱ ልክ ሆኖ ይታየዋል። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ከበፊቱ ይልቅ ይጠብቃል። ሁለት ወሩ አንድ ወር ሆነ፤ አንድ ወሩ ሦስት ሳምንት ሆነ።

የሚጠጣው እሑድ ነበር፤ ሌላ ዕረፍት የለውም። እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ። በስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ጥበቃ ይቆማል፤ የገባ ሰው ስብሰባው ሳያልቅ አይወጣም። በአንደኛው እሑድ ሊቀመንበሩ ስም ሲጠራ አባቴ ላይ ደረሰ።

"ጓድ የመጋዘን ኃላፊው ዛሬም የለም?"

"ኮሶ ጠጥቷል" አልኩ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ።

"ባለፈውም ኮሶ ነበር። ይሄን ትል የስብሰባውን ቀን ማነው የሚነግረው?"

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች የግቢያችን ሴት፣ ለጎረቤቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ትሉም እኮ ቢሆን ስብሰባ ሲጠራ መውጣቱ አይፈረድበትም" አለች። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ቤት ደርሼ ለአባቴ ብነግረው ግን አልሳቀም። ጋደም ብሎ ነበር። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ የቀጠነ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ የውስጥ ቁምጣው ላይ ደም አየሁ።

ልጅ ለአባቷ እንዲህ ያለውን ነገር የምትናገርበት ቃል አልተሠራም። ልብሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ አሸሁት፤ ከሌላው ልብስ በስተኋላ አሰጣሁት። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን እሱ ራሱ ቀድሞ ለማጠብ ሞክሮ ነበር፤ ሳሙናው በደንብ ሳይለቅ ጨርቁ ላይ ደርቋል። አባቴ በሕይወቱ ልብስ አጥቦ አያውቅም። ደሙ ሳይሆን ያ የደረቀ ሳሙና ነው ያስፈራኝ። ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ሲያዳምጥ አጠገቡ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ደም አየሁ።"

"የት?"

"ልብስህ ላይ።"

የሬዲዮውን ቁልፍ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረው። ጣቢያው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ መዞር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

"ኪንታሮት ነው" አለ። "የተቀማጭ ሰው በሽታ ነው። ጎፋ አንድ ሰውዬ አለ፤ ቅጠል አድርጎ ያወጣዋል። የሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ።"

"ሐኪም ቢያይህስ?"

"ሐኪም ምኔን ነው የሚያየው?" አለ፤ ንግግሩም በዚሁ አበቃ።

የጎፋውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ሥራውን ግን አይቻለሁ። ከፋብሪካው ወዛደሮች አንዱ እሱ ዘንድ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ መቀመጥ አቅቶት ነበር። ምሳውን የሚበላው ጆንያ ላይ በሆዱ ተኝቶ ነው። ጓደኞቹ "ጳጳሱ ሊባርኩን ነው" እያሉ በተራ እየመጡ እግሩ ሥር ይሰግዱ ነበር። አባቴ እንደዚያ ተኝቶ ታየኝ። እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ ስድስት ቀን ነው።

ፋብሪካው ውስጥ አንድ ክፍል ያላት ክሊኒክ ነበረች፤ በአንድ ጤና ረዳት የምትሠራ። ሠራተኛው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ "ዶክተር አይደለሁም" እያለ ያርም ነበር፤ በኋላ ደክሞት ተወው። ከደቡብ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው ነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሁለት ጆንያ ሰፊዎች ለራስ ምታት ክኒን ተቀብለው በሩ ላይ ቆመዋል። መናገር ስጀምር "አባቴ" ማለት አቃተኝ። በዕድሜ የሚያንሱት ወንዶች በፊቱ ባርኔጣ የሚያነሡለትን ሰው እዚያ በር ላይ ማጋለጥ መሰለኝ።

"ደም ይታየኛል" አልኩ። "ስቀመጥ።"

ጤና ረዳቱ ካርድ አወጣ። ስሜን ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያይ ይጠይቀኝ ጀመር።

"በቀን ስንት ጊዜ ትወጫለሽ?"

"በአራት ቀን አንዴ። አንዳንዴ በአምስት።"

"መቼ መቼ?"

"ሲመሽ።"

"ሰውነትሽ የሚጠይቅሽስ መቼ ነው?"

"ጠዋት። ግን ሰልፍ አለ።"

"ምን ትበያለሽ?"

"ዳቦ። ነጭ። መኮሮኒ።"

"ውኃስ?"

"ሻይ ነው የምጠጣ።"

"ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ?"

"ኮሶ። በየሦስት ሳምንቱ።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። ለአፍታ አየኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ስሚ እህቴ። አንጀት እንደ መንገድ ሠራተኛ ነው፤ የሚገፋው ነገር ከሌለ ይቀመጣል። ነጭ ዳቦ ገለባው የወጣለት ነው፤ ምኑን ይግፋ? ውኃ ከሌለ ደግሞ ያለውም ይደርቃል። ሰውነት በጠራ ጊዜ ካልሄዱ ሁለተኛ አይጠራም፤ ይቀየማል። ኮሶውን ተይ፤ ኮሶ የሚገርፍ ነው፤ የሚመግብ አይደለም። ጎመን ብይ፣ ባቄላ፣ ቆሎ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ነገር። ከዚሁ ፋብሪካ ፉርሽካ ቀላቅለሽ ጋግሪ። ጠዋት ስትነሺ ሁለት ብርጭቆ ውኃ። ተነሥተሽም ተራመጅ፤ ቀኑን ሙሉ አትቀመጭ።"

"ደሙስ?"

"በአንቺ ዕድሜ ከድርቀቱ የመጣ ኪንታሮት ይሆናል። ሁለት ሳምንት ይህን አድርገሽ ተመለሺ፤ ካልተወሽ እልክሻለሁ።" ካርዱን ሊከተው ሲል እንደ ዋዛ ጨመረበት። "ሃምሳ ያለፈው ሰው ብትሆኚ ኖሮ ግን ዛሬውኑ ነበር ሆስፒታል የምልክሽ። በዚያ ዕድሜ ደም ከታየ፣ ሰውየውም ከከሳ፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ አይተኛም። አንጀት ውስጥ የሚበቅል መጥፎ ነገር አለ፤ ቶሎ ካልተገኘ ይገድላል።"

አባቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። በሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች አሁንም እዚያው ነበሩ፤ ክኒናቸውን ገና አልዋጡም።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ፋብሪካው ፉርሽካ በኪሎ ስለማይሸጥ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር እህልና የከብት መኖ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር ለብዙ ዓመት ሲቀላለዱ የኖሩ። ከገጠር በአህያ ለሚመጡት ገበሬዎች ፉርሽካ ይሰፍራሉ።

"ሁለት ኪሎ ፉርሽካ ይስጡኝ።"

"ላም ገዛችሁ እንዴ?"

"አልገዛንም።"

"በግ ነው?"

"ለሰው ነው።"

ሐጂ መስፈሪያቸውን አስቀምጠው ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው እንጂ አፋቸው አይከፈትም። "የዱቄቱ ጌታ ቤት ፉርሽካ ሊገባ ነው ማለት ነው። ወላሂ ይህን ሳላይ ልሞት ነበር።" ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። "ከስቷል አባትሽ። አይቼዋለሁ። የኛ ሰው ቆጮና ጎመን በልቶ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ከሶላት በፊት ጨርሶ ይመለሳል፤ ምን እንደበላም ትዝ አይለው። አባትሽ ነጭ ነገር ነው የሚወድ። በይው፦ ነጭማ ከፈንም ነጭ ነው።"

አላልኩትም። ፉርሽካውን ከፉርኖው ጋር እኩል አድርጌ አቦካሁና ጋገርኩ። ዳቦው ጠቆረ፤ አልነፋም። አባቴ ማታ ቀርቦ ቆረሰ፤ ወደ አፉ ሳያደርስ አሸተተው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳቦ ነው።"

"ዳቦ አይደለም። ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ ነው የኖርኩት፤ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ይሄ ለከብት የሚሸጥ ነው።"

"ጤና ረዳቱ ያዘዘው ነው።"

"ለማን?"

"ለኔ።"

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?"

ነገርኩት። በቅደም ተከተል፣ ጤና ረዳቱ የጠየቀኝንና የመለስኩለትን። አባቴ አላቋረጠኝም። "ሲመሽ" ብዬ መመለሴን ስነግረው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ኮሶው ላይ ስደርስ ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"ካርድ ላይ ጻፈው?"

"ጻፈው።"

"በስምሽ?"

"በስሜ።"

"ማን ነበረ እዚያ?"

ሁለቱን ሴቶች ጠራሁለት።

እኔ ያላሰብኩትን እሱ እያሰበ ነበር። ባል የሌላት ልጅ ደም ይፈሳታል ከተባለ፣ ከየት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም በየራሱ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሴቶች ለሚዛን ቤቱ ሠራተኞች፣ ሚዛን ቤቱ ለጫኞች። እስከ ዓርብ ድረስ እኔ ሆድ ያስወረድኩ ልጅ እሆን ነበር። ይህን እሱን ለማስገደድ አስልቼ ያደረግሁት ነው ብዬ ብናገር ውሸት ይሆናል። ያፈርኩት በሱ ፈንታ ነበር እንጂ ለራሴ አላሰብኩም።

"ጤና ረዳቱ ሌላ ምን አለ?" ሲል ጠየቀኝ።

"ሃምሳ ያለፈው ሰው ብትሆኚ ዛሬውኑ እልክሽ ነበር አለኝ።"

"ለምን?"

"የሚገድል ነገር ሊሆን ይችላል አለ።"

አባቴ ያን ዳቦ በላው። ሁለት ቁራሽ፣ ቀስ ብሎ እያኘከ። ከዚያ ተኛ።

ጠዋት አብረን ሄድን። በሥራ መግቢያ ሰዓት ክሊኒኳ በር ላይ ሰው ይበዛል፤ አባቴ ያን ሰዓት የመረጠው ለዚያ ይመስለኛል። ከሴቶቹ አንዷ እዚያ ነበረች። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

"ትናንት በልጄ ስም ያወጣኸው ካርድ አለ" አለ። "አስተካክለው። ደሙ የኔ ነው።"

ጤና ረዳቱ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አየ።

"እኔም ገርሞኝ ነበር" አለ። "ሃያ አንድ ዓመቷ ሆኖ ኮሶ የምትጠጣ ልጅ አይቼ አላውቅም። ይቀመጡ።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጤና ረዳቱ መላኪያ ወረቀት ሲጽፍ ስለ ጎፋው ሰውዬ ጠየቀው፤ አባቴም ቅዳሜ ቀጠሮ እንዳለው ተናገረ። "እዚያ ከሄዱ" አለው ጤና ረዳቱ ወረቀቱን ሳይሰጠው፣ "ይህን ወረቀት እቀደዋለሁ።" አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። "አልሄድም" አለ።

ሆስፒታሉ ሁለት ቀን አመላለሰን። በሦስተኛው ቀን ሆዱን በውኃ አጥበውት ከመጋረጃ ጀርባ አስገቡት። እኔ መተላለፊያው ላይ ቆየሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ሲወጣ ጓንቱን እያወለቀ ኪንታሮት እንዳለበት፣ ከኪንታሮቱ ከፍ ብሎ ግን ሌላ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል እባጭ እንዳገኘ ነገረኝ። ቆርጦ አውጥቷታል፤ ትመረመራለች። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። "አይዞሽ" አላለኝም፤ ስለዚህ አመንኩት።

ሦስቱ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። አባቴ ሐኪም ያዘዘውን በመጋዘን ሥርዓት ነበር የሚፈጽመው። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል፤ እንደ ኮሶ አፍንጫውን ይዞ። ፉርሽካ የገባበትን ዳቦ ይበላል። ጎመን ጠዋት ሲሸተው ፊቱን ያዞራል፤ ማታ ግን ይበላዋል። ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም ረጅሙን መንገድ ይዞ በእግሩ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ጣሳ ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ሲቆም ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ያቺ ስብሰባ ላይ የቀለደችው ሴት፣ "ጋሼ፣ ይለፉ" አለችው።

"ወረፋዬን እጠብቃለሁ" አለ።

"ኧረ ይለፉ፤ የኔ ይቆያል።"

"የኔም ሠላሳ ዓመት ቆይቷል፤ አሁን አምስት ደቂቃ አይበዛበትም።"

ሴትየዋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ስለዚህ ጉዳይ መናገር ነውር መሆኑ ቀረ ባልልም፣ ቀለል አለ።

በሁለተኛው እሑድ ስብሰባ ሄደ። ስብሰባው ገና በመካከል ሳለ ተነሥቶ ወደ በሩ ተራመደ። ጥበቃው ጠመንጃውን አግድም አደረገው።

"ወዴት ነው ጓድ?"

"ወገቤን ልሞክር።"

አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ጥበቃው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና ሳያይ በእጁ ምልክት ሰጠ። አባቴ ወጣ፤ ሲመለስም ሳይቸኩል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎች በተከታታይ ተነሡ። አባቴ ቀን ቀን እንዲህ እያለ ይውላል፤ ማታ ግን ከእጁ ነገር ይወድቅበት ነበር። ማንኪያ፣ ቁልፍ። የውጤቱን ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ ካፖርቱን ግን ከዋዜማው ጀምሮ ቦረሸው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ነው ቀና ያለው።

"አባት፣ እባጩ ገና አልከፋም። ግን የሚከፋ ዓይነት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ይህን አልነግርዎትም ነበር። በየዓመቱ እየመጡ ይታያሉ። የያዙትን አመጋገብ አይልቀቁ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ሲወርድ ከአጠገቡ ሆኜ አየሁት።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር የነበረበት ሰው አለ?"

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረው።

"አባቴ" አለ። "ሆዱ ታስሮ ነው የሞተ። እየከሳ፣ ደም እየታየው። ትል ነው አሉ። በየሳምንቱ ኮሶ ያጠጡት ነበር። ትሉ ነው የበላው ብለው ቀበሩት።" ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሣ። "የምወቅጠው እኔ ነበርኩ።"

ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ገና ልጅ ሳለ አያቴ እንደሞተበት ብቻ ነው የማውቀው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደኔ ዞረ።

"አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃያ አንድ።"

"አርባ ሲሞላሽ መጥተሽ ታዪ። ምንም ባይሰማሽም። እስከዚያው ደግሞ እሱ የሚበላውን አንቺም ብዪ።"

"እሺ" አልኩ። ለመውጣት ተነሣሁ። አባቴ ግን አልተነሣም።

"ጻፍላት" አለ።

"ምን ልጻፍላት?"

"አሁን ያልከውን።"

"አባት፣ ካርድ የሚወጣው ለታመመ ነው። እሷ ጤነኛ ነች።"

"ካርድ አላልኩም። በወረቀት። አርባ ሲሞላት እኔ አልኖር ይሆናል። እሷ ደግሞ ግጥም ነው የምትጽፈው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አትይዝም።"

ሐኪሙ ከመድኃኒት ማዘዣ ላይ አንድ ቅጠል ቀደደና ሁለት መስመር ጻፈበት። አባቴ ተቀብሎ ለራሱ አነበበው፤ ከዚያ ሰጠኝ። መተላለፊያው ላይ ከወጣን በኋላ፣ በሁለት ረድፍ የተቀመጡ በሽተኞች መካከል ቆመ።

"እስቲ አንብቢው" አለኝ።

"አነበብኩት እኮ።"

"ጮክ ብለሽ።"

በሽተኞቹ ሁሉ ቀና ብለው እያዩን ጮክ ብዬ አነበብኩት።